ከሚሰጠው የሚቀማው፦ የፎልአውት ዲኤልሲዎች ሲመዘኑ

ዴድ መኒ የሚባለውን የፎልአውት ቪዲዮ ጌም ጭማሪ ታሪክ (ዲኤልሲ) ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴ ትቼዋለሁ። በሦስተኛው ጨረስኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከፎልአውት ዲኤልሲዎች የትኛው ይበልጣል ስባል መጀመሪያ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ሁለቴ ጠልቶ የተወውን ነገር አንደኛ ነው የሚል ሰው ግራ ያጋባል። እኔንም ግራ ስላጋባኝ ነው ይህን ለመጻፍ የተቀመጥኩት።

ጥያቄው እንደ አዲስ የተነሣው በፎልአውት ተከታታይ ፊልም ሰበብ ነው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 አማዞን ላይ የወጣው ፊልም የተረሱትን ጌሞች አቧራቸውን አራገፈላቸው፤ ሁለተኛው ሲዝን ደግሞ ታሪኩን ከጌሞቹ አንዱ ወደሚካሄድባት ወደ ኒው ቬጋስ ወሰደው። ያን ጊዜ የአክስቴ ልጅ ፍላሽ ይዞ መጣ። ቀጥሎ የሰፈሩ ልጆች መጡ፣ ቀጥሎም ከኳስ ሌላ ጌም ነክቶ የማያውቅ ጓደኛዬ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዲኤልሲው ብዙ ነው፤ የትኛውን ልጫወት? የትኛውን ልዝለል?»

ደሴ ላይ ይህን ጌም የሚጫወት ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ከሆጤ እስከ ፒያሳ ጌም ቤት ማለት ኳስ ማለት ነው፤ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ ከኋላ ቆሞ «ቀጣዩ እኔ ነኝ» የሚል ሕፃን። አንድ ሰው አናግሮ ለመጨረስ ሩብ ሰዓት የሚፈጅ ጌም እዚያ ወንበር ላይ ቢከፍቱት ያስደበድባል። ስለዚህ ፎልአውት የቤት ጌም ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ ተገልብጦ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ባረጀ ላፕቶፕ ይከፈታል። ኒው ቬጋስ የ2010 ጌም መሆኑ ለእኛ በጀ፤ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ እንኳ ጥራቱን ዝቅ ካደረጉለት እያለከለከም ቢሆን ይሸከመዋል። ፎልአውት 4 ግን እንዲህ አይለመንም።

ለማያውቀው ባጭሩ ልናገር። ፎልአውት እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርፕሌይ ያወጣው ጌም ነው። በታሪኩ ኦክቶበር 23 ቀን 2077 አሜሪካና ቻይና በኒውክሌር ተጠፋፍተው ዓለም ያልቃል፤ እኛ የምንገባው ከዚያ ብዙ ዘመን በኋላ፣ ፍርስራሹ ላይ ነው። መብቱ በኋላ ወደ ቤቴስዳ ዞረ፤ ቤቴስዳ በ2008 ፎልአውት 3ን፣ በ2015 ፎልአውት 4ን ሠራ። በመሀል ኒው ቬጋስን የሠራው ኦብሲዲያን የተባለ ሌላ ስቱዲዮ ነው፤ ከቀደሙት ፎልአውቶች የመጡ ሰዎች ያሉበት። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ ይጠቅመናል።

ዲኤልሲ ዋናው ጌም ከወጣ በኋላ ለብቻው የሚሸጥ ጭማሪ ታሪክ ነው። ስለ አሠራሩ ትንሽ ማወቅ ለምዘናው ይረዳል። አዲስ ጌም አይሠራም፤ ያው የድሮው ሞተር፣ ያው የሰው አረማመድ፣ ያው ወንበርና ጠርሙስ ነው እንደገና የሚደረደረው። ጊዜውም አጭር ነው። የፎልአውት 3 አምስቱ ዲኤልሲዎች ከጃንዋሪ እስከ ኦገስት 2009 ተከታትለው ወጡ፤ የኒው ቬጋስ አራቱ ታሪኮች ከዲሴምበር 2010 እስከ ሴፕቴምበር 2011። እኛ ቤት ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስቴ ሲወርድ ዱቄቱ አንድ ነው፤ የሚጨመረው ውሃ ነው። በረካው ቀጭን መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን በረካ ሳይጠጣ የሚነሣ እንግዳ የለም፤ ምርቃቱም የሆድ የሆዱ ጨዋታም የሚመጣው እዚያ ላይ ነውና። ዲኤልሲም በረካ ነው፤ ከእሱ የሚጠበቀው ጨዋታው ነው።

ታዲያ በየዲኤልሲው ብዙ ሌሊት ካሳለፍኩ በኋላ የቀረችኝ መለኪያ አንዲት ናት፦ ከተጫዋቹ ምን ቀማ? ዲኤልሲ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጠገበ ነው። ሌቭሉ ከፍ ብሏል፣ ምርጡን ጠመንጃ ታጥቋል፣ መድኃኒቱ ተቆጥሮ አያልቅም፣ ያ ዓለም በገንዘብ ምትክ የሚገበያይበት የጠርሙስ ክዳን በሺህ የሚቆጠር አለው። ለጠገበ ሰው ሌላ እንጀራ ቢያቀርቡለት ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል እንጂ አይበላውም። እንደገና እንዲርበው ማድረግ ነው ሙያው።

ይህን ስል ወዲያው ሊሞግተኝ የሚችል አለ። የፎልአውት 3 የመጀመሪያው ዲኤልሲ፣ ኦፕሬሽን አንኮሬጅ፣ ገና ሲጀምር ዕቃህን ሁሉ ያስቀምጥና ቻይናዎች አላስካን በወረሩበት ጦርነት ሲሙሌሽን ውስጥ ይከትሃል። ቀምቷል አይደል? አዎ፣ ቀምቷል፤ ግን በአንድ እጁ ቀምቶ በሌላው ይመልሳል። በየጥጉ ጤናና ጥይት የሚሞላ ማሽን ተተክሏል፤ የገደልከው ወታደር ሬሳ እንኳ ይጠፋል፣ ስለዚህ የሚበረበር ነገር የለም፤ መንገዱ ቱቦ ነው፣ የምታናግረው ሰው ከጄኔራሉ ሌላ ይህ ነው የሚባል የለም። መጨረሻ ላይ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱ ይከፈትና ያን የበረዶ ጥሩር ትለብሳለህ። በፕሮግራም ስሕተት ሳቢያ ጥሩሩ አያረጅም አይቀደድም፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ጌም ራሱ ጨው አልባ ይሆናል። ማዘርሺፕ ዜታም እንዲሁ ነው፦ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ጠልፈው ዕቃህን ይወስዳሉ፣ ከሳሙራይ እስከ ካውቦይ በየዘመኑ ከተጠለፉ ሰዎች ጋር ትገናኛለህ። ሐሳቡ ሸጋ ነበር። የሆነው ግን ኮሪደር፣ በር፣ ተኩስ፣ ኮሪደር። መቀማቱ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ በተቀማው ቦታ ምን እንደተተካ መታየት አለበት።

ዘ ፒት እዚህ ላይ ይለያል። ከተማዋ ፒትስበርግ ናት፣ የብረት ማቅለጫዋ አሁንም የሚጨስ፣ በባሪያ ጉልበት የሚሠራ። ለመግባት የባሪያ ልብስ ለብሰህ ደጃፍ ላይ ትቀርባለህ፣ ዘበኞቹ ቀጥቅጠው ዕቃህን ይነጥቁሃል፣ ከዚያ ብረት ልቀም ተብለህ ሰው ወደ አውሬነት የተለወጠበት ግቢ ትላካለህ። እስከዚህ የተለመደ የነፃነት ትግል ነው፤ ቨርነር የሚባለው ሰው «በሽታውን የሚፈውስ መድኃኒት ገዢው አሹር እጅ አለ፤ ሰርቀህ አምጣልን» ብሎሃል። ትሄዳለህ። መድኃኒቱ ሕፃን ናት። የአሹር ልጅ ማሪ ከበሽታው የሚጠብቅ ነገር በደሟ ይዛ ተወልዳለች፣ እናቷ ከጎኗ ሆና እየመረመረች ነው። ባሪያዎቹን ነፃ ለማውጣት ሕፃን ከእናቷ ጉያ ትሰርቃለህ? ወይስ ባሪያ ፈንጋዩ «አንድ ቀን ነፃ አወጣቸዋለሁ» ማለቱን አምነህ ትወጣለህ? ጌሙ አይፈርድም። ከልብስህ ጋር የቀማህ «እኔ ጥሩው ሰውዬ ነኝ» የምትለዋን ነገር ነው፤ እሷን ደግሞ የሚመልስ ማሽን በየጥጉ አልተተከለም። አጭር ነው፣ ብዙ ቦታው ሻካራ ነው፤ ሆኖም ከፎልአውት 3 አምስቱ እኔ ዘንድ ፊተኛው እሱ ነው። የሜሪላንዱ ረግረግ ፖይንት ሉክአውት ብዙ ወዳጅ አለው፤ መርከብ ተሳፍሮ አዲስ አገር መውረዱ እኔንም ደስ ብሎኛል፣ ግን ከወር በኋላ ያስታወስኩት ጭጋጉን እንጂ ታሪኩን አልነበረም።

ሌላው የፎልአውት 3 ዲኤልሲ ስለሆነው ብሮክን ስቲል ስናወራ ወደ ገበያ እንውጣ። ሰኞ ገበያ ነጋዴዋ ሰፍራ ከጨረሰች በኋላ በእፍኟ የምትጨምራት ምራቂ ትባላለች። አጉድላ ሰፍራ ያጎደለችውን በሌላ ዋጋ ብትሸጥልን ግን ምራቂ አንለውም። የፎልአውት 3 መጨረሻ የተጠላበት ምክንያት የታወቀ ነው፦ አንድ ሰው በጨረር የተሞላ ክፍል ገብቶ የውሃ ማጣሪያውን ማስነሣትና መሞት አለበት። አብሮህ ጨረር የማይጎዳው ፎክስ የሚባል ግዙፍ ሙታንት (ከሰው የተለወጠ ፍጡር) ሊኖር ይችላል፤ ያውም ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ክፍል ገብቶ ዕቃ ያወጣልህ። «ግባልኝ» ስትለው ዕጣ ፈንታህን አልነጥቅህም ይላል። እብደት ነው። ብሮክን ስቲል መጥቶ ፎክስን መላክ ፈቀደ፣ የሌቭሉን ጣሪያ ከ20 ወደ 30 አነሣ፣ ጌሙም ከመጨረሻው በኋላ እንዲቀጥል አደረገ። ጠቃሚ ነው፣ ያለ እሱ መጫወት አልመክርም፤ ግን እንደ ታሪክ የሚመዘን አይደለም። በአሥር ዶላር የተሸጠ እርማት ነው። በ2016 ደግሞ ቤቴስዳ የፎልአውት 4ን የዲኤልሲ ጥቅል ዋጋ ከ30 ወደ 50 ዶላር አወጣው፤ ከስድስቱ ሦስቱ የቤት መሥሪያና የጎጆ ማስጌጫ ዕቃ ነበሩ። በካርድ ከውጭ መግዛት ለማይችል ደሴ ላለ ልጅ ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ጠብ ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና ሃርድ ዲስኩ ላይ ስድስት ፎልደር አይቶ ስድስት ታሪክ አገኘሁ ብሎ እንዳይሞኝ ነው የማነሣው።

አሁን ወደ ኒው ቬጋሱ ዴድ መኒ።

ሞሃቪ በረሃ ላይ የተተወ ምሽግ ውስጥ ራዲዮ ይሰማል፣ ሴራ ማድሬ የሚባል ካዚኖ መክፈቻውን ያስተዋውቃል። ወደ ድምፁ ትጠጋለህ፣ በጋዝ ትሰክራለህ፣ ስትነቃ አንድ ፏፏቴ ፊት ተዘርግተሃል፤ ጠመንጃህ የለም፣ ጥሩርህ የለም፣ አንገትህ ላይ ፈንጂ ታስሯል። ኤላይጃ የሚባል ሽማግሌ በብርሃን ምስል ተገልጦ ያዝሃል፦ ሌሎች ሦስት እንደ አንተ የታሰሩ አሉ፣ ሰብስበህ ካዚኖውን ክፈትልኝ፤ ከአራታችሁ አንዱ ከሞተ ሁላችሁም ትፈነዳላችሁ። ከተማዋን የሚበላ ቀይ ደመና አለ። በግድግዳው ላይ ያሉ ያረጁ ራዲዮና ድምፅ ማጉያዎች ደግሞ የአንገትህን ፈንጂ ይረብሹታል፤ ስትጠጋቸው ጢት… ጢት… ጢት ማለት ይጀምራል፣ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ወይ ማጉያውን ፈልገህ ትሰብራለህ፣ ወይ ወደ ኋላ ትሮጣለህ።

መጀመሪያ የተውኩት በዚህች ድምፅ ነው። ሁለተኛውን ደግሞ መብራት ነው ያስተወኝ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ጌሙ ደግሞ እንደ ልብ ሴቭ የማያስደርግ ቦታ ላይ ነበርኩ እልሃለሁ… ሐሰት ነው፣ ሴቭ ማድረግ ረስቼ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ለግድግዳ ተጎትቼ የሄድኩበት ጠፋ። ያን ቀን ጌሙን ብቻ ሳይሆን የሠሩትንም ሰዎች ረገምኩ።

የገባኝ በሦስተኛው፣ የአክስቴን ልጅ ከጎኔ አስቀምጬ ንግግሩን ወደ አማርኛ እየመለስኩለት ስንጫወት ነው። ጆይስቲኩን ሰጠሁትና ዲን ዶሚኖን አገኘው። ዲን ከጦርነቱ በፊት የነበረ ዘፋኝ ነው፣ በጨረር ቆዳው ተልጦ ሁለት መቶ ዓመት የኖረ፣ እስካሁን ሱፍና መነጽር ያልተለየው። «ተቀመጥ» ይለዋል፤ ከተቀመጠ በኋላ ወንበሩ ሥር ፈንጂ ማጥመዱን ይነግረዋል። ልጁ የመልስ ዝርዝሩን አይቶ በባርተር (የንግድ ክርክር) ችሎታው የሚከፈተውን ብልጥ መልስ መረጠ፣ ዲንን ነጥብ አስቆጠረበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። በየትኛውም ጌም ትክክለኛው መልስ ይህ ነውና። ካዚኖው ውስጥ ስንደርስ ግን ዲን ሊገድለን ተነሣ፤ ያቺን የመጀመሪያዋን ንግግር አልረሳትም። ዲን ሰው ሲበልጠው የማይወድ፣ ቂሙን እንደ ንብ ማር የሚያጠራቅም ሰው ነው፤ ካዚኖውን የሠራውን ሲንክሌርንም ሊዘርፈው የተነሣው ገንዘብ ቸግሮት ሳይሆን ሰውየው ደስተኛ መሆኑ ስላቃጠለው ነው። የአክስቴ ልጅ «ጋሼ፣ ታዲያ ምን ልበለው ኖሯል?» አለኝ። እንዲበልጥህ ትተወው ኖሯል፣ አልኩት። ዝም አለ።

ዴድ መኒ እንግዲህ ይህ ነው። ጠመንጃህን ብቻ አይደለም የቀማህ፤ በዋናው ጌም ሠላሳ ሰዓት ሙሉ የተማርከውን ልማድ ነው። ያየኸውን ሁሉ ልቀም፣ ሁልጊዜ ብልጥ መልስ ስጥ፣ የሚያስቸግርህን ተኩሰህ ጣል። እዚህ ሦስቱም ይገድላሉ። ክሪስቲን ጉሮሮዋ ተጎድቶ መናገር ስለማትችል በምልክት ታናግርሃለች፤ እጇ ወዴት እንደጠቆመ፣ ዓይኗ የት እንዳረፈ በጽሑፍ ይነገርሃል፣ አንተ ትገምታለህ። ዶግ የሚሉት ፍጡር ሁለት ነፍስ በአንድ ገላ ይዟል፤ ከሁለቱ አንዱን ገድለህ ሌላውን ማትረፍ ቀላል ነው፣ ማስታረቁ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ከታች፣ ግምጃ ቤቱ ውስጥ፣ 37 ጡብ ወርቅ ተደርድሯል። የዚያን ወርቅ ነገር ወደ ኋላ አቆየዋለሁ።

ጉድለት የለውም አልልም። መንገዶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ካርታው አይረዳም፣ ድምፅ ማጉያ ፍለጋው ከሦስተኛው ሰፈር በኋላ ሥራ ይሆናል። የሚጠሉት ሰዎች ምክንያት አላቸው። ግን የሚጠሉትም ዲንን ያስታውሳሉ።

ቀጥሎ የመጣው ኦነስት ሃርትስ ነው። ዴድ መኒን የመራው ክሪስ አቬሎን ሲሆን ይህን የመራው የኒው ቬጋስ ዋና ዳይሬክተር ጆሽ ሶየር ነው፤ የእጅ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ደመናው ጠፍቶ የዩታ ቀይ ገደልና ንጹሕ ወንዝ ይመጣል፣ በጌሙ ዝናብ የሚዘንበውም እዚህ ነው። የሚቀማህ ትንሽ ነው፤ ከነጋዴዎቹ ጋር ለመጓዝ ሸክም ቀንስ ትባላለህ፣ በቃ። የታሪኩ ጥያቄ ግን እኛን በቀጥታ ይነካል። ዋይት ሌግስ የተባሉ ወራሪዎች እየመጡ ነው። ዳንኤል የሚባለው ሚስዮናዊ ሕዝቡን ይዤ ልውጣ፣ ደም አያፍስሱ ይላል፤ ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለው ጆሹዋ ግራሃም ቆመን እንዋጋ ይላል። ልውጣ ወይስ ልቅር፣ ይህ እዚህ ከተማ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ በየቤቱ በአንድ ሌሊት የተጠየቀ ጥያቄ ነው፤ መልሱን በስክሪን ላይ በሁለት ቁልፍ መምረጥ የሚከብደው ሰው ቢኖር ከእኛ መሀል ነው።

ይህንኑ ስለማውቅ ይመስለኛል በኦነስት ሃርትስ የምበሳጨው። የሚፈናቀሉት ወይም የሚዋጉት ሶሮውስ የተባሉት ሰዎች ናቸው፤ የሚወስኑላቸው ግን ሁለት እንግዶች፣ ሦስተኛው አንተ። ባለቤቶቹን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ቤት እንኳ አባት ውጡ ሲል እናት ትከራከራለች፣ አያት «እኔ የትም አልሄድም» ትላለች፤ እንዲህ ያለ ሙግት ከሶሮውስ መሀል ቢሰማ ዲኤልሲው ሌላ በሆነ ነበር።

ሆኖም እዚያው ውስጥ፣ ማንም ሂድ ሳይልህ፣ በየዋሻው ተበታትኖ የሚገኝ አንድ ማስታወሻ አለ። ራንዳል ክላርክ የሚባል ወታደር ቦምቡ በወደቀ ጊዜ ሚስቱንና ልጁን አጥቶ ወደ ገደሉ ሸሽቶ ብዙ ዘመኑን ብቻውን የኖረ፣ የኖረውንም ኮምፒውተር ላይ የጻፈ። በስተርጅና፣ ከሆነ ቦታ አምልጠው የመጡ ሕፃናት ገደሉ ሲደርሱ ከሩቅ ያያቸዋል፤ ሳይታይ ምግብና መጽሐፍ ይተውላቸዋል፣ አንድም ቀን ፊት ለፊት አልቀረበም። እነዚያ ሕፃናት ናቸው ኋላ ሶሮውስ የሆኑት፤ እሱንም ዋሻ ውስጥ ያለ አባት ብለው ያመልኩታል። የሚያናግሩት ሰው የለም፣ የሚተኮስ የለም፣ ንባብ ብቻ ነው። ያችን የማስታወሻ ዋሻ ፍለጋ ስል ዋናውን ሚሽን ሁለት ቀን ትቼዋለሁ።

ኦልድ ወርልድ ብሉዝ ላይ ቀማው ቀልድ ይሆናል፦ ስትነቃ አንጎልህ፣ ልብህና የጀርባ አጥንትህ ወጥተው በማሽን ተተክተዋል። የምትኖርበት ቤት ዕቃዎች ያወራሉ፤ ዓለምን ላቃጥል የሚል ዳቦ መጥበሻ አለ፣ እርስ በርስ የሚቀናኑ የመብራት ማብሪያዎች አሉ። መጨረሻ ላይ የራስህን አንጎል አግኝተህ ተመለስ ብለህ ትለማመጣለህ፤ እሱ ደግሞ አንተ ስትኖርበት ያደረስክበትን በደል እየቆጠረ ይሟገትሃል። ይህን ትዕይንት ለቡና የመጡ እናቶች ፊት ተርጉሜ ሳነብ አንዷ «እውነቱን ነው አንጎሉ» ብላ ፈረደችለት። ብዙ ሰው ከሁሉም አንደኛ የሚለው ይህን ነው፣ አልጣላውም። የተኩሱ ብዛት ግን ያደክማል፤ ጠላቱ ሁሉ ጥይት የማይበሳው ነው።

ሎንሰም ሮድ የተከታታዩ መደምደሚያ ነበር። ዩሊሲስ የሚባል መልእክተኛ ከዋናው ጌም መጀመሪያ ጀምሮ በወሬ ሲጠራ ቆይቷል፣ በየዲኤልሲውም ዱካው አለ፤ እዚህ ፊት ለፊት ይመጣል። የሚነግርህ፣ አንተም መልእክተኛ ነህና፣ ሳታውቅ ተሸክመህ ያደረስከው ዕቃ አንድ ሙሉ ከተማ እንዳጠፋ ነው። ይህ ከሁሉ የከበደ ቀማ ነው፤ ያለፈ ታሪክህን ይወስድብሃል። ኒው ቬጋስ እስከዚያ ድረስ «አንተ ማን ነህ?» ለሚለው መልሱን ለተጫዋቹ ትቶ ነበር፣ ሎንሰም ሮድ ገብቶ ሞላበት። እዚህ ላይ የራሴ መለኪያ ትከሽፋለች። መቀማት ጥሩ ነው ብዬ የተነሣሁ ሰው ይህን ስቀማ ተቆጣሁ። ልዩነቱን ለማግኘት ጊዜ ወስዶብኛል፦ ዴድ መኒ የቀማኝ ያከማቸሁትን ነው፣ ሎንሰም ሮድ የነካው ግን የእኔን ድርሻ ነው። እንግዳ የሚቀርብለትን ስኒ ማሳነስ ይቻላል፤ ስለ እንግዳው የትውልድ ቦታ ግን ባለቤቱ ራሱ ይናገር።

ፋር ሃርበር ይህን በትክክል የሠራው ይመስለኛል። በ2016 የወጣ የፎልአውት 4 ዲኤልሲ ነው፣ ከኦብሲዲያን ሳይሆን ከቤቴስዳ። በሜይን ጠረፍ ያለ ደሴት፣ መርዘኛ ጭጋግ የሸፈነው፣ ሦስት ሕዝብ የሚፋጠጥበት፦ ወደቡ ላይ የቀሩ ዓሣ አጥማጆች፣ አካዲያ የተሸሸጉ ሲንቶች (ሰው መሰል ሮቦቶች)፣ ጨረርን የሚያመልኩ የአቶም ልጆች። የሲንቶቹ መሪ ዲማ ገና ስትተዋወቁ አንድ ነገር ይጠይቅሃል፦ በሕይወትህ መጀመሪያ የምታስታውሰው ምንድን ነው? መልሶቹን አይተህ ትደነግጣለህ፤ ጌሙ ከተጀመረበት ማለዳ በፊት ያለ ምንም ነገር በእጅህ የለም። ምናልባት አንተም ሲንት ነህ። ያለፈህን አልጻፈብህም፤ ጥርጣሬ ብቻ ጥሎ ሄደ።

ከዚያ የዲማን ሚስጥር ትደርስበታለህ። ዲማ ያስታወሰውን እያወጣ በማሽን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ራሱ እንዳያውቀው። ከነዚያ ውስጥ አንዱ የወደቡን መሪ ካፒቴን ኤቨሪን አስወግዶ በእሷ አምሳል ሲንት መተካቱ ነው። ያቺ ተተኪ ኤቨሪ እውነተኛዋ እንደሆነች አምና የምትኖር፣ ሕዝቡን በደግ የምታስተዳድር ሴት ናት። ዲማ ያን ያደረገው ሰላም እንዲሆን ነው፤ ሰላሙም ሆኗል። አሁን ደግሞ ለአንተ ያቀርብልሃል፦ የአቶም ልጆችን መሪ ቴክተስንም እንዲሁ እንተካው። ምርጫዎቹ ሁሉ ዋጋ አላቸው። ወደቡን የሚያጨልም፣ አቶሞቹን የሚያነድ ቁልፍ በእጅህ ነው። ዲማ ወንጀሉን በአደባባይ እንዲናዘዝ ማድረግም ትችላለህ፤ ያን ጊዜ የወደቡ ሰዎች ወደ አካዲያ በቁጣ ይዘምቱ ወይስ ይመለሱ የሚወስነው አስቀድመህ የዋልክላቸው ውለታ ነው፣ ጉርብትና እንጂ የንግግር ችሎታ አይደለም። እዚህ ላይ እንደ ወሎዬ ነው የተደሰትኩት። እኛ ዘንድ ሽምግልና የሚቀመጠው ሰው አስቀድሞ ለቅሶ የደረሰ፣ ሰርግ የደገፈ ነው፤ አፍ ብቻ ያለው ሽማግሌ ማንም አይሰማውም።

ከዚህ ሁሉ መሀል የዲማን ትውስታ ለማውጣት ብሎክ እየደረደሩ ብርሃን የሚመሩበት ረጅም እንቆቅልሽ አለ። የማይረባ ነው፤ ማን እንዳስገባው ሳስብ ይገርመኛል።

ኑካ ወርልድ በዚያው ዓመት ኦገስት መጣ። መዝናኛ ፓርኩ ያምራል፣ በስፋትም ፋር ሃርበርን የሚያክል ሥራ አለበት፤ ግን ይሰጣል እንጂ አይቀማም። ገና ስትገባ የሽፍቶች አለቃ ትደረጋለህ። ፎልአውት 4 ልጁን የሚፈልግ ወላጅ አድርጎህ አርባ ሰዓት አስጉዞሃል፤ አሁን የረዳሃቸውን ገበሬዎች ውጣና ዝረፍ ይልሃል። አልፈልግም ካልክ የሚቀርልህ ሁሉንም ሽፍታ ገድሎ መውጣት ነው፣ ከዚያ በኋላ ብዙ የሚሠራ የለም። አውቶማትሮን የሚባለውን ሌላውን የፎልአውት 4 ዲኤልሲ ሮቦት መገጣጠም የሚወድ ይጫወተው። የፎልአውት 76ቱ ዌስትላንደርስ በ2020 በነፃ የወጣ ሲሆን፣ ሰው አልባ ሆኖ ለተሸጠው ጌም ሰው ያመጣለት ነው፤ ካሳ እንጂ ምራቂ ብዬ አልቆጥረውም።

ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት ቅደም ተከተል እንግዲህ ይህ ነበር፦ ኒው ቬጋስን እስከ መሀል ተጫወት፣ ዴድ መኒ ግባ፣ ከዚያ ኦልድ ወርልድ ብሉዝ ሂድና ሳቅ፣ ላፕቶፕ ስትቀይር ፋር ሃርበር። ዘ ፒት ለአንድ ቅዳሜ ይበቃል። ሌላውን ሰው ሲያወራልህ ስማ።

ዴድ መኒን በጨረሰባት ማታ ከጎኑ ነበርኩ። ግምጃ ቤቱ ደረሰ፣ 37ቱ ወርቅ ፊቱ ተደርድረዋል፤ አንዱ 35 ይመዝናል፣ እሱ የሚሸከመው ጠቅላላ ከ200 ብዙም አይበልጥም። ኤላይጃ በሊፍት እየወረደ ነው። የአንገቱ ፈንጂ መቁጠር ሲጀምር መሮጥ አለበት፣ ሸክም ከበዛበት አይሮጥም፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ሴራ ማድሬ መመለስ የለም።

«ጋሼ፣ ስንቱን ልተው?»

«ሁሉንም ተው።»

ስድስት ይዞ ሞከረ፣ ፈነዳ። አምስት፣ ፈነዳ። ከጓዳ እናቱ በረካው ቀረበ ብላ ጠራችው። «እማ፣ ቆይ፣ ወርቅ ላይ ነኝ» አላት። ጠመንጃውን ጣለ፣ ምግቡን ጣለ፣ በመጨረሻ ሦስት ጡብ ይዞ፣ ኤላይጃን ግምጃ ቤቱ ውስጥ ቆልፎበት ወጣ፤ ጮኸ፣ ቤቱን አናወጠው። አንዱ ወርቅ ዋጋው ከአሥር ሺህ ክዳን በላይ ነው። ሞሃቪ ተመልሶ ከነጋዴ ነጋዴ ሲዞር አመሸ፤ ያን ያህል ክዳን ይዞ የሚገዛው አላገኘም።